እሾህ ያለው የአዳም ግልድም

ሰኔ ሲገባ የቆቦው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለዓመቱ መዝጊያ ያዘጋጁትን ተውኔት እንዳርም ጠየቁኝ። በዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ታሪክ ነው። ማስተማር ከተውሁ ብዙ ዘመን ቢሆነኝም፣ ስሕተት ባየሁ ቁጥር እጄን የሚበላኝ ልማድ ግን አብሮኝ ጡረታ አልወጣም።

ተውኔቱ ስፔኖች ሜክሲኮን ከያዙ በኋላ አንድ የካቶሊክ መነኩሴ የአገሩን ነባር ሕዝብ ስለ አዳምና ሔዋን ሲያስተምር የሚያሳይ ነው። መነኩሴው ቋንቋቸውን ገና ስላልለመደ በሸራ ላይ የተሣለ ሥዕል ይዞ ይገባል። ይህ እውነት ነው፤ በዚያ ዘመን በሥዕል ይሰበክ ነበር።

በልምምዱ ዕለት የሮቢት ከተማ ነጋዴ የሆነ የድሮ ወዳጄ አብሮኝ መጣ፤ መነኩሴውን የሚጫወተው የልጅ ልጁ ነው።

«እኔ ሐጅ ልሄድ ስሰናዳ ቤቴ መነኩሴ አበቀለ» አለኝ።

ሸራው ሲዘረጋ ግን ሳቄ ከአፌ ጠፋ። አዳም በወገቡ የታጠቀው የእኛን የቁልቋል በለስ ነበር፤ ያንኑ ወፍራም፣ እሾሃም ቅጠል!

«ይህ ምንድን ነው?» አልሁ።

«በለስ ነዋ፣ አባባ» አለች ሠዓሊዋ፣ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። «የበለስ ቅጠል ሰፍተው ግልድም አደረጉ ይል የለ?»

«ወላሂ፣» አለ ወዳጄ፣ «ከገነት መባረሩ ምን አላት፤ ቅጣቱስ ይሄ ነው!»

የመጽሐፉ በለስ እሾህ የሌለው ሌላ ዛፍ መሆኑን፣ የእኛው ደግሞ ከዚያው ከሜክሲኮ ምድር ባሕር ተሻግሮ የመጣ ቁልቋል መሆኑን በዝርዝር አስረዳሁ። ልጅቱ ሰምታኝ ስታበቃ ሸራዋን መጠቅለል ጀመረች። ከትምህርት መልስ ስትሥለው የከረመችው ነው፤ ዝግጅቱ ደግሞ በማግስቱ ነበር።

«ይቅር በቃ» አለች ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ የተናገርሁት ግማሹን ብቻ መሆኑ ታወሰኝ። ስፔኖቹ ራሳቸው የቁልቋሉን ፍሬ ሲያዩ «የሕንድ በለስ» ብለው ነበር የጠሩት። መነኮሳቱም የሕዝቡን ጣዖታትና መጻሕፍት አቃጥለዋል፤ ቋንቋውን በጽሑፍ ያኖሩትም እነርሱው ናቸው። የቤተ ክርስቲያናቸውን ግድግዳ ያሣሉት በአገሩ ሠዓሊዎች ነበር፤ እነዚያም በቅዱሳኑ መካከል የአገራቸውን ወፍና ተክል አስገብተውበታል።

«አትጠቅልዪው» አልኋት። «ሥዕሉ የመነኩሴው ከሆነ ስሕተት ነው። የአገሩ ሠዓሊ የሣለው ከሆነ ግን ትክክል ነው፤ በለስ ሲሉት የሚያውቀውን ሣለ። ስለዚህ መነኩሴው ይዞት አይግባ። ሸራውን እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ስቀዪው፤ ሠዓሊው አንቺ ሁኚና ስትሥዪበት እሱ ደርሶ ይደንግጥ።»

ፊቷ በራ። «አርመው ጨረሱ፣ አባባ?»

«ገና ነኝ። የአዳም ግራ እግር ስድስት ጣት አለው።»

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መነኩሴው መቁጠሪያውን እያንቀጫቀጨ ገባና ግድግዳውን ሲያይ ክው አለ። ቀጥሎ ሊናገረው የሚገባው ቃል ከአፉ ሳይወጣ፣ ወዳጄ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ጮኸ፦

«አንተ ልጅ! ቆመህ ከምታየው እሾሁን ንቀልለት እንጂ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። መነኩሴው ወደ አያቱ ዞሮ አየ፤ ከዚያም ቀሚሱን ሰብስቦ ተንበረከከና የአዳምን እሾህ በጥንቃቄ ይለቅም ጀመር። ሠዓሊዋም ብሩሿን ጥላ አብራው ለቀመች።

በጽሑፉ ላይ ያልነበረ ነው። አላረምሁትም።