በጸሎት የሚጋገረው ፈራቴላ

በጣሊያን አገር፣ በማዬላ ተራራ ሥር ባለችው በዚያች መንደር፣ አርባ ዓመት ሙሉ ያለ አሮጊቷ ኤርሲሊያ የፈራቴላ ብስኩት የደመቀ ሠርግ፣ ያለ እሷ ፈራቴላ የነጋ ገና የለም። ሰዓት እሷ ዘንድ አይሠራም። እጀታው ረጅም በሆነው፣ ሁለት ገጽ ባለው በእናቷ መጋገሪያ ብረት መሃል ሊጡን ጠብ ታደርግና ትገጥመዋለች፤ ምድጃው ላይ ይዛ አንድ «ጸጋ የሞላሽ ማርያም» ትደግማለች፤ ትገለብጥና በሌላው ጎን አንድ «አባታችን ሆይ»። በቃ! ስስ፣ ቀላ ያለ፣ ባለ ጥልፍ ብስኩት ይወጣል። እናቷም አያቷም የጋገሩት እንደዚሁ ነው።

ዘንድሮ ግን ጉድ መጣ። ገና ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ላይ፣ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ» ካለች በኋላ ቀጣዩ ጠፋባት። ከመጀመሪያው ጀመረች፤ እዚያው ስትደርስ እንደገና ድርቅ አለች። ብረቱን ስትከፍተው ከሰል ነው። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ።

«እንጨቱ እርጥብ ነው» አለች።

አጠገቧ እንቁላል የምትመታው የወንድሟ ሚስት ፓልሚራ ሳቀች። «እርጥብ እንጨት ያጨሳል እንጂ መች ያሳርራል? ምነው፣ በሰማንያ ዓመትሽ ፍቅር ያዘሽ እንዴ?»

«ሰባ ስድስቴ ነው! አፍሽን ያዢ!»

ይህን ስትል እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ለብስኩቱ አይደለም ያለቀሰችው። ልጇ ኦርኔላ በጥቅምት መጥታ ጋዙን ከፍታ ረስታው ስላገኘቻት፣ «አንዴ ብቻ እንደዚህ ያለ ነገር ልይ፣ ቤቱን ዘግቼ ፔስካራ ከተማ፣ እኔ ጋ ነው የምወስድሽ» ብላ ምላ ሄዳለች። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ትመጣለች። ፔስካራ! አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ምድጃ በሌለበት ቤት! ኤርሲሊያ ከዚያስ ሞት ይሻለኛል ባይ ናት።

«ፓልሚራ፣ ጸሎቱ እየጠፋኝ ነው።»

ፓልሚራ ማንኪያውን አስቀመጠች። ቀልዱ ከፊቷ ላይ ጠፋ። «በይ እኔ ልድገም፣ አንቺ ገልብጪ። ማንም አያውቅብሽም።»

እንዲህ እየተጋገዙ ሁለት ሳህን ሞሉ።

ኦርኔላ እንደገባች ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ አንዱን አነሳችና ቀመሰች። «እማዬ! አሁንም ያው ነሽ እኮ!» ብላ አቀፈቻት። ኤርሲሊያ በልጇ ትከሻ ላይ አሻግራ ፓልሚራን በዓይኗ ጠቀሰቻት።

ደስታው ግን አልቆየም። «ዘንድሮስ ሳታስተምሪኝ አልሄድም» አለች ኦርኔላ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ብረቱን እየያዘች። «ልክ እንደ ልጅነቴ ጮክ ብለሽ ድገሚልኝ።»

ፓልሚራ ፈጠን ብላ ጸሎቱን ጀመረች።

«አንቺ ደግሞ፣ አክስቴ! እማዬ ትበል፤ የእሷን ድምፅ ነው የምፈልገው።»

የመጀመሪያው ጎን በሰላም አለፈ። ኦርኔላ ገለበጠችው። «አባታችን ሆይ» ብላ ጀመረች ኤርሲሊያ። «...የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ...»

እዚያው ላይ ጠፋባት። ፓልሚራ ከኦርኔላ ጀርባ ቆማ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ምን ዋጋ አለው፣ ኤርሲሊያ የምታየው እሳቱን ብቻ ነው። ከብረቱ ጎን ጭስ መውጣት ጀመረ።

«አረረ እኮ፣ አውጪው!» አለች ኤርሲሊያ።

«ጸሎቱ መች አለቀና፣ እማዬ?» አለች ኦርኔላ። እናቷ እንደጠፋባት ገብቷታል። ብረቱን ከእሳቱ ማንሳት ግን አቃታት።

ኤርሲሊያ ራሷ ከእጇ ተቀብላ አወረደችውና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ከገና በፊት ነው የምትወስጂኝ፣ ከገና በኋላ?» አለች።