ሄኖክና የሜሮን ላፕቶፕ

ጠዋት ከሳን ሆዜ ደውለው "ሄኖክ አረፈ" አሉኝ። "የቱ ሄኖክ?" አልኩ፤ ሌላ ሄኖክ እንደሌለን እያወቅኩ። ድንገት ልቡ ነው አሉ። እስካሁን ጆሮዬን አላመንኩትም።

ለማታውቁት፦ ሳንታ ክላራ የሚሠራ ፕሮግራመር፣ የቸርቻችን ልጅ፣ ዝምተኛ።

ልጄ ሜሮን በአፏ አትናገርም። ላፕቶፕ ላይ ቃላት ስትነካ አንድ ፕሮግራም ነው የሚናገርላት። ላፕቶፑ አርጅቶ ሲንቀራፈፍ ሄኖክ ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ሲስተም ጫነበት። ላፕቶፑ ፈጠነ፤ ፕሮግራሙ ግን አልከፈት አለ! የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል፣ ማንን ትጠይቃለህ? ልጄ ዝም ብላ ልትቀር ነው ብዬ አለቀስኩ።

"አይዞሽ፣ አልተበላሸም" አለኝ። "ፕሮግራሙ ከሲስተሙ ጋር የሚነጋገርበት ሲ ላይብረሪ የሚሉት ነገር አለ፤ የለመደው ሌላ ስለሆነ ከሊኑክሱ ጋር አልተግባቡም። መሃላቸው አስተርጓሚ የሚሆን ፓኬጅ እሠራለታለሁ።"

ኦክላንድ እኛ ቤት እየተመላለሰ ሠራው። ፕሮግራሙ የተከፈተ ቀን እልልታዬን አቀለጥኩት።

እሱ ግን ፊቱ አልተፈታም። "ቆይ፣ ይሄ ነገር እየዋሸ ነው" አለ። ለካ ፕሮግራሙ "የሜሮንን አዲስ ቃላት ሴቭ አድርግ" ሲለው፣ አስተርጓሚው ምንም ሳያደርግ "እሺ፣ አድርጌያለሁ" ይላል። እኛ ሐበሾች ሐኪም ፊት ሳይገባን "የስ፣ የስ" እንደምንለው! ላፕቶፑ ሲዘጋ ቃላቱ ድራሻቸው ይጠፋል።

"ተከፍቷል አይደል፣ ተወው በቃ" አልኩት።

"ከሚዋሽ ይውደቅ" አለኝ። ሁልጊዜ የሚላት ናት፤ ሠራሁ ብሎ ከሚያታልል ጭራሽ ባይከፈት ይሻላል ማለቱ ነው። ቁጭ ብሎ አስተካከለው።

ለእኛ ብቻም አላስቀረውም። ፓኬጁን ሊኑክሱን ለሚያዘጋጁት ሰዎች ላከው፤ አሁን የትም አገር ያለ ሰው በነፃ ይጭነዋል። አንድ ቀን ከማናውቀው ሰው የመጣ ኢሜይል አነበበልኝ፤ "አባቴ እንደገና ተናገረ" ይላል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ስሙን እንኳ የማያውቁ ሰዎች በእሱ እጅ ሥራ ይናገራሉ! እግዚአብሔር ለአንዳንዱ ሰው ምን ዓይነት እጅ ነው የሚሰጠው? ዛሬም ይገርመኛል።

ለሜሮን እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኝ ዋልኩ። አቅፌ ነገርኳት። ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችና ቃላቱን ቀስ ብላ ነካች፦

"ሄኖክ፣ ዶንት ጎ።"

ሄኒዬ፣ ሰማሃት? እኔ ማለት ያቃተኝን እሷ አለችው። በጌታ እቅፍ እረፍ፣ ወንድሜ። ቻው።