ድምፁ ያለባት ጥቁር ሣጥን

ልደታ ኮንዶሚኒየም ባለው ቤታችን፣ ሴት ልጄ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አንዲት ጥቁር ሣጥን አስቀመጠች። የቤተሰቡ ፎቶና ድምፅ ሁሉ እዚያ ይከማቻል፣ በዋይፋይ ከስልካችን እናወጣዋለን አለችኝ። የሟቹ ባለቤቴም ድምፅ እዚያ ነው ያለው። ድሮ አገር ቤት ላለው ታላቅ ወንድሙ በካሴት የቀዳው ነው፤ ልጄ ወደ ሣጥኗ ከገለበጠችው በኋላ ካሴቱን ቴፑ በልቶት ሌላ ቅጂ የለም።

እኔ ታዲያ ዕቃ ራቁቱን ሲቀመጥ አልወድም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ሬዲዮው አለው፣ ፍሪጁ እንኳ አለው። ይቺ ምን በደለች ብዬ እስከ እግሯ የሚወርድ ዳንቴል ሠርቼ አለበስኳት። ለካ በጀርባዋ ነው የምትተነፍሰው! ሙቀት ሲያፍናት ጲጵ ጲጵ ትል ጀመር። የጎረቤት ስልክ መስሎኝ "ኧረ አንሡት!" ብዬ ግድግዳውን ደበደብኩ። ጆሮዬን ሳስጠጋ እሷው ናት። ዳንቴሉን ገፈፍኩና ከጀርባዋ በትንሽ ቀዳዳ ውስጥ የተደበቀች ቁልፍ አገኘሁ፤ በዳንቴል መሥሪያ ኪሮሼ ጫፍ ተጭኜ ያዝኳት። ሣጥኗ ዝም አለች። ጎበዝ ነኝ ብዬ ራሴን ሳመሰግን መብራቷም ድርግም አለ።

ልጄ ከሥራ እስክትመለስ ልደታ ማርያምን ስለማመን ዋልኩ።

"አባትሽን እንደገና ቀበርኩት" አልኳት፣ ገና በሩን ስትከፍት።

"እማዬ! ምን ነካሽ?"

አሳየኋት። ከሣጥኗ ጋር የመጣው መመሪያ ስለዚያች ቁልፍ አንድም ቃል የለውም። ኢንተርኔት ላይ ያገኘችው አንድ ሰው የጻፈውን ብቻ ነው፤ ትንሽ ከያዟት ሣጥኗን ታስነሳለች፣ ከበዛ ግን ያለውን ሁሉ ትደመስሳለች። ትንሹ ምን ያህል ነው? ብዙውስ? አልጻፈም። የሰው ነገር!

ልጄ መብራቷን ስለምትጠብቅ ኪሮሹን የያዝኩት እኔ ነኝ። "እየቆጠርሽ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ስደነግጥ ከሦስት ወደ ሰባት እዘላለሁ።

"በአባታችን ሆይ ልለካው። እንቁላልም የምቀቅለው በሱ ነው።"

"በይ እሺ፤ ግን እንደ ማዕድ ጸሎትሽ ወጡ እስኪቀዘቅዝ አታስረዝሚው።"

"አባታችን ሆይ" ብዬ ለቀቅኩ፤ ምንም የለም። እንደገና ጀምሬ "በሰማያት የምትኖር" ድረስ ያዝኩ፤ ቀይ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ። በሦስተኛው "ስምህ ይቀደስ" ላይ ስደርስ አንዴ ጲጵ አለች።

"ልቀቂ! እማዬ፣ ልቀቂ!"

ለቀቅኩ። ጸሎት አይቋረጥምና የቀረውን በባዶ እጄ ጨረስኩት። ሣጥኗ ማጉረምረም ጀመረች፣ መብራቷም በራ።

ልጄ ስልኳን ከፍታ ፈለገች፤ አገኘችው፤ ነካችው።

"ጤና ይስጥልኝ ወንድም ጋሼ" አለ ባለቤቴ ጉሮሮውን እየጠረገ። "እኛ ደህና ነን። እሷም ደህና ናት፤ ብቻ ወሬ አታቆምም። ይኸው አሁንም..."

እውነትም ከኋላው አንዲት ወጣት ሴት በኔው ድምፅ ስለ ጎረቤት ዶሮ ትንጫጫለች፤ እሱ የሚለውን ውጣው ቀረች። ልጄ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች።

"ኧረ ዝም በይ አንቺ" አልኳት ያቺን ወጣት፣ "እሱን ልስማው!"