አልጋዬ አጠገብ የተቀመጡት ስዋሚ

መጀመሪያ የደነዘዘኝ ውስጥ እግሬ ነው። ረቡዕ ጠዋት ጫማዬን አድርጌ ከቤት ስወጣ ጥጥ ላይ የምራመድ መሰለኝ። ጫማው ጠቦኝ ይሆናል ብዬ ክሩን አላላሁት። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። አነሣሁት፤ ደግሞ ወደቀ። ተማሪዎቼ ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ማቴዎስ እባላለሁ። ሆሳዕና ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ያን ጊዜ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ከጉንፋን በቀር የሚያስተኛ በሽታ አላውቅም። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሞርሲቶ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ተቅማጥ ይዞኝ አራት ቀን አሠቃይቶኝ ነበር። አልፏል ብዬ ረስቼው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ጉልበቴ ከዳኝ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ "ድካም ነው" ተብዬ የቫይታሚን መርፌ ተወጋሁ። ዓርብ ከሰዓት ግድግዳ ይዤ ግቢያችንን ሳቋርጥ ተከራያችን ዶክተር ቬንካት አዩኝ።

ዶክተር ቬንካት ሕንዳዊ ናቸው፤ ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ከተማችን ባለው ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የሚያስተምሩ። ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ከኛ ጋር ሦስት ዓመት ኖረዋል። ሥጋም እንቁላልም አይቀምሱም። ባለቤቴ ብርሃነሽ ለእሳቸው ስትል ሽሮና ምስር ስለማታቋርጥ "እኛ ፕሮቴስታንቶቹ ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ ገባን" እያለች ትቀልዳለች። በቡላ፣ በወተትና በቅቤ የሚሠራው አታካና ሲቀርብ ግን ከልጆቹ እኩል ይሻማሉ። ጠዋት ጠዋት በረንዳቸው ላይ እግራቸውን አጣጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ይተነፍሳሉ። አንድ ቀን ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "ድሮ ትንፋሽ አስተምር ነበር" ብለውኝ ወሬ ቀየሩ።

ያን ዓርብ አጠገቤ መጥተው ቆሙና በእንግሊዝኛ፣ "በረጅሙ ሳብና በዚያው በአንዱ ትንፋሽ እስከምትችለው ድረስ ቁጠር" አሉኝ። ሠላሳ አንድ ደረስሁ። ቁጥሩን ደግመው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ቅዳሜ ጠዋት ታላቅ ወንድሜ ጴጥሮስ ከሞርሲቶ መጣ። ሺንሺቾ አካባቢ የሳምንት የጸሎት ፕሮግራም አለ፤ እዚያ ሊወስደኝ ነው። ጴጥሮስ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ ሰው ነው፤ እምቢ የምለው ቃል የለኝም። ሁለት ሰው ብብቴን ይዞ መናኸሪያ አደረሰኝና ሚኒባሱ ውስጥ ከፊት ተቀመጥሁ። ዶክተር ቬንካት እያለከለኩ ደረሱብን። በሩን ይዘው "ቁጠር" አሉኝ።

አሥራ ሰባት ላይ አለቀብኝ።

ወደ ወንድሜ ዞሩ። አማርኛቸው ገበያ ላይ የለቀሙት ነው። "ዛሬ ሆስፒታል። ነገ የለም።"

"ዶክተር፣ እርስዎ የሒሳብ ዶክተር ነዎት" አለ ጴጥሮስ። "ወንድሜን ወደማምንበት ነው የምወስደው።"

"ጸልይ። እኔ አልከለክልም። ሆስፒታል ሆነህ ጸልይ።"

"ለጣዖት የሚሰግድ ሰው ነው ስለ ጸሎት የሚነግረኝ?"

የዶክተር ቬንካት ፊት ሲቀላ አየሁ። በሩን ግን አልለቀቁም። ረዳቱ "ወስኑ እንጂ፣ ሞልቷል!" እያለ ይጮኻል። ያን ጊዜ ብርሃነሽ ከኋላ ወንበር ወረደች። የሺንሺቾ ልጅ ናት፤ ጸሎቱ የሚደረገው እናቷ ደጅ ነው ማለት ይቻላል።

"ጋሼ ጴጥሮስ፣ ይቅር በለኝ" አለች። "አጠገቡ ነው የምተኛው። ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሽ አጥሮት ነበር። አውርዱት።"

በባጃጅ ሆስፒታል ገባን። ዶክተሯ ገና ወጣት ናት። ጉልበቴን በትንሿ መዶሻ መታችው፤ ምንም። ሌላውንም መታችው፤ እግሬ የሌላ ሰው እግር ይመስል ዝም አለ።

"ጊላን ባሬ ሲንድሮም ይመስላል" አለች። "ሰውነትዎ ለተቅማጡ ያዘጋጀው መከላከያ ተሳስቶ የራስዎን ነርቭ እያጠቃ ነው። ከእግር ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። እኔን የሚያሳስበኝ እግርዎ አይደለም፤ ትንፋሽዎ ነው።"

እሑድ ጠዋት ዘጠኝ ቆጠርሁ። ቀትር ላይ አምስት። ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ብርሃነሽን ልጠራት ፈለግሁ። ድምፅ የለም። ዶክተሯ "አሁን እናስተኛዎታለን፤ ማሽን ይተነፍስልዎታል" አለችኝ። ከዚያ ጨለማ።

ስነቃ ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ አለ። እጄን ላነሣ ሞከርሁ። የለም። ጣቴን። የለም። ምላሴን። የለም። ዓይኖቼ ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳሉ። ከላዬ ነጭ ጣሪያ፣ በአንድ ጥግ የውኃ ነጠብጣብ ያቆሸሸው። ያንን ነጠብጣብ ከማንኛውም የሰው ፊት በላይ አውቀዋለሁ። ስድሳ አንድ ቀን አይቼዋለሁ።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያልገባ ሰው ሽባነት መደንዘዝ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ያመኛል። ይበላኛል። ይበርደኛል። ጀርባዬ እንደ እሳት ይነዳል፤ የሚያውቅልኝ የለም። አንድ የሩቅ ዘመዴ አልጋዬ ግርጌ ቆሞ "አለቀለት በቃ" ሲል ሰምቼዋለሁ። አለሁ ብዬ ልጮህ ፈለግሁ። ማሽኑ በራሱ ጊዜ አስገባ፣ አስወጣ። ለመጮህ እንኳ የራሴ አየር አልነበረኝም።

ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለው መድኃኒት አልተገኘም። ቬንቲሌተር በሚሉት መተንፈሻ ማሽን ላይ ያለን ሰው ወደ አዲስ አበባ መላክ ደግሞ አደጋ ነው ተባለ። "ነርቭ በራሱ ይመለሳል" አለቻት ዶክተሯ ብርሃነሽን። "የኛ ሥራ እስኪመለስ ድረስ በሕይወት ማቆየት ነው። ሳምንታት ሊሆን ይችላል፤ ወራትም ሊሆን ይችላል።"

ብርሃነሽ የልጆቻችንን የፊደል ገበታ አምጥታ ዓይኔ ፊት ዘረጋችው። ጣቷን ረድፍ በረድፍ ታወርዳለች፤ የፈለግሁት ላይ ስትደርስ ወደ ላይ አያለሁ። ከዚያ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ወደ ጎን ትሄዳለች፤ እንደገና ወደ ላይ አያለሁ። የመጀመሪያ ቃሌን ለማውጣት ሩብ ሰዓት ፈጀ። ቃሉ "ዝንብ" ነበር። ግንባሬ ላይ ነበረች። አባረረችልኝና ወጥታ ኮሪደር ላይ ስታለቅስ ሰማኋት።

ጠያቂ የሚገባው ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው። ብርሃነሽ ልጆቹን ለመመገብ ስትሄድ ዶክተር ቬንካት ይመጣሉ። መጀመሪያ ሰሞን ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ወንበራቸውን አቀረቡና ማውራት ጀመሩ።

ደቡብ ሕንድ፣ ወንዝ ዳር ያለ መንደር ነው የተወለዱት። ሒሳብ ተምረው ዶክተር ከሆኑ በኋላ ሁሉንም ትተው አንድ አዛውንት መምህር እግር ሥር ገቡ። ብርቱካንማ ልብስ ለበሱ፤ ስማቸው ተቀየረ፤ "ስዋሚ" ተባሉ። በኛ አባባል መነኩሴም መምህርም እንደማለት ነው። መምህራቸው ሲሞቱ በቦታቸው ተተኩ። ከየከተማው ሰው ይመጣል፤ ለአክብሮት እግራቸውን ነክቶ ይቀመጣል፤ እሳቸው ትንፋሽንና ዝምታን ያስተምራሉ። "አሥራ አራት ዓመት" አሉኝ፣ "የማልመልሰው ጥያቄ ያለ አይመስለኝም ነበር።"

በማግስቱ ቀጠሉ። አንዲት የትምህርት ቤት መምህርት ደቀ መዝሙር ነበረቻቸው። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ያጥር ጀመር። ሐኪም ቤት ሄጄ ልታከም ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። "ገላ ልብስ ነው፤ በዝምታ ተቀመጪ፣ ያልፋል" አሏት። አምናቸው ተቀመጠች። የልብ በሽታ ነበር። በሦስተኛው ወር ሞተች።

"ባሏ መጣ" አሉ። "መቁጠሪያዋን ፊቴ አስቀመጠና ሄደ። በዚያው ቀን ሌሎቹ መጥተው እንደ ወትሮው እግሬን ነኩ። ሞቷ ዕጣዋ ነው ብለው አጽናኑኝ። አልቻልሁም። ልብሱን አወለቅሁ። ማንም እግሬን የማይነካበት አገር ፈለግሁ።"

እውነቱን ልናገር፤ ተናደድሁባቸው። መስማት አልፈለግሁም፤ ጆሮዬን መድፈን አልችልም። ፊቴን ማዞር አልችልም። ይህን ሁሉ ዓመት ለማንም ሳይነግሩ ኖረው መውጣት ለማይችል ሰው ነገሩት። እሳቸውም አውቀውታል። "የምነግርህ" አሉ፣ "ልትፈርድብኝም ልታጽናናኝም ስለማትችል ነው። ይቅር በለኝ፤ ይህም ራሱ ጥሩ አይደለም።"

ሄዱ። ሌሊቱን ስለ እሳቸው ሳይሆን ስለዚያች ሴት ሳስብ አደርሁ። ትንፋሽ ማጠርን አውቀዋለሁ።

በማግስቱ ሲመጡ ዓይኔን ወደ ገበታው ደጋግሜ ወሰድሁ። ገባቸው። ፊደል ማንበብ አይችሉም፤ ግን ብርሃነሽ ስታደርግ አይተዋል። ጣታቸውን አወረዱ፤ ወደ ላይ አየሁ። የፊደሉን ቅርጽ እንደ ሥዕል ወረቀት ላይ ገለበጡ። ሁለት ፊደል ብቻ ነበር። ወረቀቱን ይዘው ወደ ነርሷ ሄዱ።

"ስም ነው የሚለው" አለቻቸው። የማንን ስም እንደምጠይቅ እሷ አላወቀችም። እሳቸው አወቁ። ተመልሰው ወንበራቸውን አቀረቡ።

"ሳሮጃ" አሉ። "ከዚያ ቀን ወዲህ በአፌ አልጠራሁትም።"

ከዚያ በኋላ ስለ ጥፋታቸው ሳይሆን ስለ እሷ ያወሩኝ ጀመር፤ ከፊት ረድፍ ተቀምጣ እንደምትከራከራቸው፣ ስትስቅ አፏን በመሐረብ እንደምትሸፍን። ያን ጊዜ ከሰዓቱን መጠበቅ ጀመርሁ።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ትከሻዬ ተንቀሳቀሰ። ዶክተሯ እጇን ጭና "እንደገና" አለችኝ፤ እንደገና ተንቀሳቀሰ፣ እሷም ነርሷን ጠርታ አሳየቻት። ከዚያ ወዲያ መመለሴ እንደ ክረምት ጎርፍ ሳይሆን እንደ በጋ ምንጭ በጠብታ ነበር፤ መጀመሪያ ክንዴ፣ ቀጥሎ አንገቴ፣ ቀጥሎ በቀን ለአሥር ደቂቃ፣ ከዚያም ለአንድ ሰዓት ከማሽኑ ተነቅሎ በራስ መተንፈስ፣ ማታ ደግሞ ደክሞ ወደ ማሽኑ መመለስ። በስድሳ አንደኛው ቀን ቬንቲሌተሩ ከአልጋዬ አጠገብ ሲነሣ፣ ቱቦው በኋላ ከአፌ ወደ አንገቴ ሲዛወር የተበሳችው የትራኪዮስቶሚ ቀዳዳ ገና ሳትደፈን፣ ጴጥሮስ ገብቶ አልጋዬ ግርጌ ተንበርክኮ በሀዲይኛ ጸለየ፤ ለሁለት ወር ያህል ኮሪደሩ ላይ ሲጸልይ ነበር። ተነሥቶ ሲወጣ በር ላይ የቆሙትን ዶክተር ቬንካትን አየና "ዶክተር፣ መናኸሪያ ላይ የተናገርሁት ቃል ይቆጠቁጠኛል" አላቸው። እሳቸውም በዚያው አማርኛቸው "እኔም ብዙ ቃል አለኝ፣ የሚቆጠቁጥ" አሉት፤ ሁለቱም ወጥተው ሆስፒታሉ በር ላይ ካለችው ምግብ ቤት ሽሮ አብረው በሉ።

ቤት ከገባሁ በኋላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው እግሬን፣ ዶክተር ቬንካት ትንፋሼን ተካፈሉኝ። በረንዳቸው ላይ ከጎናቸው ተቀምጬ ስምንት፣ አሥራ ሁለት፣ ሃያ እያልሁ ወጣሁ። እግራቸውን ማንም እንዲነካቸው አይፈልጉም ብያለሁ፤ እሳቸው ግን የኔን የደነዘዘ እግር በቅባት ያሹልኝ ነበር። ዎከር በሚሉት መደገፊያ ደጃፍ ድረስ በሄድሁበት ሳምንት፣ የዩኒቨርሲቲ ውላቸውን እንደማያድሱ ነገሩኝ። "የሳሮጃ ባል በሕይወት አለ" አሉ። "ስሟን እፊቱ መጥራት አለብኝ።"

ከወራት በኋላ በስልክ ደወሉልኝ። ሰውየው በሩን ከፍቶላቸዋል። ይቅር ብዬሃለሁ አላላቸውም፤ ግን አስገብቶ ምሳ አቅርቦላቸዋል፤ ሚስቱ የመጨረሻዎቹን ወራት እሳቸው ዘንድ እንዴት እንዳሳለፈች ጠይቆ እስኪመሽ ድረስ አዳምጧቸዋል። አሁን እዚያው ከተማ ለልጆች ሒሳብ ያስተምራሉ።

እኔ ወደ ክፍሌ ተመልሻለሁ፤ ተቀምጬ አስተምራለሁ፤ ጣቶቼ ዛሬም ቅዝቃዜና ሙቀት በደንብ አይለዩም። እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ብርሃነሽን፣ ጴጥሮስን፣ ዶክተሯን፣ እኚያን መምህር አመሰግናለሁ። ከሁሉ ይልቅ አንዲት ነርስ አትረሳኝም፤ ከመንካቷ በፊት ሁልጊዜ "ማቴዎስ፣ አሁን ወደ ግራ ላዞርህ ነው" ትለኝ ነበር። ዕቃ አለመሆኔን በየቀኑ የምትነግረኝ እሷ ነበረች።

ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ድንዛዜና ድካም ከያዛችሁ፣ በተለይ ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን በኋላ ከሆነ፣ ለመርፌና ለቫይታሚን ጊዜ አትስጡ፤ ሆስፒታል ሂዱ። የምትጸልዩም እዚያው ጸልዩ። አስታማሚ ከሆናችሁ በሽተኛው እንደሚሰማ አድርጋችሁ ተናገሩ፤ ይሰማልና። ምን እንደሚፈልግ የሚነግራችሁን መንገድ ፈልጉለት፤ ገበታ ከሌለ በዓይን አዎና አይደለም ይበቃል።

ለአንተ ደግሞ፣ ይህን ጽሑፍ ሰው እያነበበልህ ጣትህን ማንቀሳቀስ ላቃተህ፦ እዚያ ውስጥ እንዳለህ አውቃለሁ። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን እንደማይወጣ፣ የማይወጣም እንዳለ አልደብቅህም። ግን ነርቭ ሲመለስ ድምፅ የለውም፤ ምንም የማይሆን በሚመስልህ በዛሬዋ ከሰዓት እንኳ እየመጣ ሊሆን ይችላል።