በካሜራ ፊት የተነገረ መርዶ

ባለፈው ሳምንት ሮም፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለች የሐበሻ ባር ተቀምጬ ሳለ ቴሌቪዥኑ ላይ ያ ፊልም መጣ። ታድሶ፣ ቀለሙ ጠርቶ ነው የመጣው አሉ። የንግሥቲቱ አስከሬን በአሽከሮቿ መሃል ሲያልፍ አንድ ጥቁር ወጣት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ይጮኻል። አስተናጋጁ ዮናታን፣ "ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ እንዴት ያለ ተዋናይ ነው!" አለኝ። ደሜ ፈላ። ስድሳ ዓመት አለፈው፤ ዛሬም ይፈላል።

ከሆሊውድ መጥተው አንድ የታወቀ ወፍራም ልብ ወለድ ሮም ውስጥ ወደ ፊልም ሲቀይሩ እኛ እዚያ የምንኖር ሐበሾች የንግሥቲቱ አሽከሮች ሆነን ተቀጥረን ነበር። እዚያ ከዋለው ሰው ሁሉ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት እኔ ብቻ ነበርኩ ብል አላጋነንኩም። ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ጣልያንኛን ያስተማሩኝ የትራም ላይ ማስታወቂያዎችና ኤስኲሊኖ ገበያ በርካሽ የገዛኋቸው አሮጌ መጻሕፍት ናቸው። አስተማሪም ተማሪም እኔው ነበርኩ።

ጊዜው ጸደይ ነበር። ወደ ፊልም ስቱዲዮው የሚወስደን ትራም ከከተማው ሲወጣ ካርቾፊ የሚሉት አትክልት ማሳ በጤዛ ያብረቀርቅ ነበር። ምሳችንን ከስቱዲዮው ግድግዳ ሥር ተኮልኩለን እንበላለን፤ ሁልጊዜ ያው የቲማቲም ፓስታ። ከሁላችን ተጫዋቹ የሰገነይቲው ልጅ ሀብቶም ነበር። "ፕሮፌሶሬ" ይለኛል፣ "እስቲ መጽሐፍህን ገልጠህ እየው፣ አሽከሮች ሥጋ የሚበሉት የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው?"

በዚያ ሰሞን ከምጽዋ የመጣ መርከበኛ የሀብቶም እናት ማረፋቸውን ለአቶ ወልደጊዮርጊስ ነገራቸው። እሳቸው የሁላችን ታላቅ ነበሩ። በእኛ ሥርዓት መርዶ እንደ ወሬ አይወረወርም። የሚነገረው ማልዶ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌና ወዳጅ ከብቦት ነው። እሑድ ንጋት ላይ ልንነግረው ተስማማን። እስከዚያ አብረነው በላን፣ በቀልዱ ሳቅን። ቀላል እንዳይመስላችሁ።

እሑድ ግን ሥራ ነበር። አቶ ወልደጊዮርጊስ የዳይሬክተሩን ረዳት ፈቃድ ጠየቁት፤ ምክንያቱንም ሳይደብቁ ነገሩት። እኔም እንከን በሌለው ጣልያንኛ ተረጎምኩላቸው። ረዳቱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ቫ ቤኔ፣ ቫ ቤኔ" አለ፤ እሺ፣ እሺ ማለቱ ነው።

"ሰው ነው" አሉ አቶ ወልደጊዮርጊስ ሲመለሱ። እናቱ መሞቷን ባልሰማ ሰው ፊት አፍ እንደሚያዝ ዓለም ሁሉ የሚያውቅ መስሏቸው ነበር።

ዓርብ ዕለት የለቅሶው ትዕይንት ደረሰ። አልቅሱ ተባልን። ማን ያለቅሳል! ሀብቶምማ ሞተች የተባለችው ተዋናይት ስታስነጥስ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

"መጽሐፉ ላይ እኮ አሽከሮቹ አያለቅሱም፤ ዝም ብለው ይቆማሉ" አልኩት ረዳቱን።

"አንተን ማን ጠየቀህ?" አለኝ። ከዚያ ካሜራው እንዲቀርጽ አዝዞ ሀብቶምን ትከሻውን አቀፈውና በጆሮው አንሾካሾከለት። በኋላ እንደሰማነው፣ "እናትህ ሞታለች፣ ጓደኞችህም ሁሉ ያውቃሉ" ነበር ያለው።

የሀብቶም ሳቅ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። መጀመሪያ የዞረው ወደ እኛ ነው። "ታውቁ ነበር?" አለ። ከዚያ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ በትግርኛ እናቱን ተጣራ። ካሜራው አላቆመም። ሲያበቃ ረዳቱ "ቤሊሲሞ! ድንቅ ነው!" ብሎ አጨበጨበ።

አንገቱን ያነቅኩት ያን ጊዜ ነው። አራት ጎረምሳ ተረባርቦ ነው ያላቀቀው። ከዚያ ስቱዲዮ ተጎትቼ ተባረርኩ፤ ብዙ ሰው በሜዳልያው ከሚኮራው የበለጠ እኮራበታለሁ።

እሑድ ንጋት አቶ ወልደጊዮርጊስ "ሥርዓቱ አይቀርም" ብለው ሰበሰቡን። ሀብቶም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀን።

"ልጄ፣ ጠንከር በል። እናትህ ዐርፈዋል" አሉት።

"አውቃለሁ አባባ። ሥራ ላይ ነግረውኛል።"

እኛ አለቀስን። እሱ ተነስቶ ውሃ እየቀዳ ያድለን ጀመር። ከዚያች ቀን በኋላ እስኪሞት ድረስ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

ይህን ስነግረው ዮናታን መጥረጊያ ጨርቁን ይዞ ቆሞ ቀረ። ፊልሙ ቀጥሏል፤ ሙዚቃው ያምራል። ሀብቶም ለእናቱ ለወይዘሮ ለተብርሃን የነበረውን እንባ ወስደው፣ በመጽሐፉ ውስጥ እንኳ ማንም ላላለቀሰላት ንግሥት ሰጧት። አሁን ደግሞ አድሰው፣ አጥርተው እንደገና ይሸጡታል። ያን ለቅሶ በየአገሩ ስንት ሕዝብ አይቶታል፣ አድንቆታል። እኛ ከተሰበሰብንባት ክፍል ውጭ ግን "እግዚአብሔር ያጥናህ" ያለው አንድም ሰው የለም።