በመኪና የተሰፋው መጽሐፍ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ ልበል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይመስለኛል፤ ከዛሪማ ጎንደር በጭነት መኪና ስንመጣ መንገዱ ገና ጭቃ ነበር። እናቴ ታማ ሆስፒታል ተኛች። አባቴ እሷን ሲያስታምም እኔ እዚያው ጎንደር አራዳ ሰፈር፣ የሟች ባልንጀራው ሚስት ቤት ተቀመጥኩ።

ሴትዮዋ ሙስሊም ናት፣ ልብስ ሰፊ። እኔ እትዬ እላታለሁ። ሥጋ በተሠራ ቀን ለእኔ ለብቻዬ በሌላ ድስት ሽሮ ትሠራልኝ ነበር፤ «የእናትህን ሃይማኖት እኔ ቤት አታፈርስም» ትለኛለች። ቤቷ አዲስ አቡጀዲና የስፌት መኪና ዘይት ይሸታል። የእኔ ዘመን ሰዎች ያን ሽታ ታውቁታላችሁ።

ፊደል አልቆጠረችም። ግን ባሏ ያነብላት የነበረ፣ ሽፋኑ የወለቀ አንድ ልብወለድ ነበራት። ከሰዓት በኋላ እሷ መኪናውን እየረገጠች፣ እኔ እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ አነብላታለሁ። እየተንተባተብኩ ነው ታዲያ። «ምነው፣ የመጽሐፉ ሴትዮ ገደሉን ወርዳ ጨረሰች፣ አንተ ገና አፋፉ ላይ ነህ» እያለች ትስቅብኛለች።

ታሪኩ ደብሪቱ ስለምትባል ሴት ነው። ባሏ ጥሏት ሄዷል፤ መሬቷን ተቀምታለች። የታመመች እናቷን በጀርባዋ አዝላ ሐኪም ፍለጋ ቆላውን ስትወርድ ወንዝ ሞልቶ ይጠብቃታል። እዚያ ላይ ስደርስ በልቤ አንድ ነገር ቆረጥኩ። ደብሪቱ ከተሻገረች የእኔም እናት ትድናለች አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ገጹን መግለጥ ግን ፈራሁ። ዓይኔን አሞኛል እያልኩ ሦስት ቀን አሳለፍኩ።

በአራተኛው ቀን እትዬ መኪናዋን አቆመች። «ዓይንህስ ደህና ነው፤ ዶሮ ስታባርር አይቼሃለሁ» አለችኝ። ያኔ አለቀስኩና የቆረጥኩትን ነገርኳት። እንባዬን ጠረገችልኝና «ደብሪቱ ትሻገራለች። የእናትህ ነገር ግን በሐኪሙና በአላህ እጅ ነው፤ ወረቀት ላይ አትጣለው የኔ ልጅ» አለች። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ገጹን ገለጥኩ። ደብሪቱ ተሻገረች።

እናቴ በዚያው ሳምንት አረፈች።

ከቀብር ስንመለስ መጽሐፉን አንሥቼ ቀዳደድኩት። አባቴ ሊቆጣኝ ሲነሣ እትዬ «ተወው አያ ደሴ፣ ይቅደድ» አለችና ጎንበስ ብላ ብጭቅጫቂውን አንድ በአንድ ለቀመችው። በማግስቱ ሳያት ቁራጮቹን እየገጠመች በመኪናዋ ትሰፋለች። ማንበብ ስለማትችል እንደ ጨርቅ ጠርዛቸውን በጣቷ እየዳበሰች ነው የምትገጥመው። አንዱን ገጽ ግማሹን ገልብጣ ሰፍታዋለች።

ሰፍታ ስትጨርስ ከፊቴ አስቀመጠችው። «ስትሻገር ብቻ ነው ያየሃት። ከወንዙ ወዲያ ያለውን አንብብልኝ።»

ከወንዙ ወዲያ የደብሪቱ እናት እንደታዘለች ሞታለች። እትዬ ይህን ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። ደብሪቱ እናቷን ቀበረች። ሰው ደጃፍ ተቀምጣ ሰባት ቀን አልተናገረችም። በስምንተኛው ቀን ዶማ ተዋሰችና በማታውቀው ሰው ማሳ ላይ ሽንብራ ዘራች። ሌላ ተአምር የለም፤ ዘራች፣ በቀለ። መርፌው ፊደሉን የበሳበት ቦታ ላይ ስቆም እትዬ ከስፌቷ ቀና ሳትል ቃሉን ትሞላልኛለች። ባሏ በሞተባት ዓመት ፊደል የቆጠረውን ጎረቤት ሁሉ እየለመነች ያን ምዕራፍ ታስነብብ እንደነበር የነገረችኝ ያን ቀን ነው። ያን ቀን፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመስኩ።

ከአባቴ ጋር ወደ ዛሪማ ተመለስን። በትምህርቱም ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ዛሬ ጎንደር ማራኪ ሰፈር፣ ልጄ ቤት ነው የምኖረው። የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። በቀደም በልብወለድ ውስጥ ስላሉ ብርቱ ሴቶች ጻፉ ተብላ ስልኳ ላይ መጽሐፍ ስታገላብጥ አየኋት። ሸጋ ነገር ነው፤ ስንቱ መጽሐፍ እዚያች ውስጥ ገብቷል። የጎደለ ገጽ የለው፣ የመርፌ ቀዳዳ የለው።

«አባባ፣ አንተስ የምታውቃት አለች?» አለችኝ።

ደብሪቱን ነገርኳት። የመጽሐፉን ርዕስ ጠየቀችኝ፤ ሽፋን አልነበረውም። የደራሲውን ስም ጠየቀችኝ፤ አላውቅም። «ታዲያ የማንን ስም ልጻፍ?» ብላ ብዕሯን እንደያዘች ጠበቀችኝ።

የሰፋችውን ሴት ስም ግን አውቃለሁ። ዘሃራ ትባል ነበር።