ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ያኔ ቴፒ ጌም ቤት ሴት ልጅ አትጫወትም። ግድግዳ ላይ አልተጻፈም እንጂ ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ጅማ አክስቴ ቤት ሁለት ክረምት ከልጆቿ ጋር የኳስ ጌም ስጫወት ከርሜ እጄ ተፍታቷል፤ አላስችል አለኝና አንድ ቀን ሄጄ ወረፋ ያዝኩ።

የቤቱ ባለቤት በኳስ ማንም አሸንፎት የማያውቅ፣ ይህንንም ለሰው ሁሉ የሚያወራ ጎረምሳ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና «እህቴ፣ ጸጉር ቤቱ ቀጥሎ ነው» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቀልዱ በአማርኛ ላልገባው በካፊኛ ተተረጎመለት፤ ከዚያ እንደ አዲስ ተሳቀብኝ።

ስናደድ አፌ ይቀድመኛል። «የዛሬ ሦስት ሳምንት እሁድ ቤቴ ና፤ በራሴ ኮምፒውተር እገጥምሃለሁ። ካሸነፍኩህ እዚህ እንደ ሰው ወረፋ ይዤ እጫወታለሁ» አልኩት።

«ከተሸነፍሽስ?»

«ደጅህን አልረግጥም።»

«አበቃ!» አለና እጄን መታ።

ኮምፒውተር አለኝ ማለቴ ውሸት አልነበረም። አባቴ መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲያስወግድ የገዛው አሮጌ ዴስክቶፕ ነበረን። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ካርታ ሲጫወቱበት እንኳ ያቃስታል። ኳሱን ስጭንበትማ አጥቂው አንድ እግሩን አንስቶ ሌላውን እስኪያስከትል ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል።

እናቴ ጭንቀቴን አይታ «የጓሮውን ቡና ከለቀምሽው የራስሽ ነው» አለችኝ። ጣቴ እስኪላጥ ለቀምኩና እሸቱን ሸጬ፣ ኮምፒውተሩን ይዤ ሚዛን ተፈሪ ሄድኩ። እዚያ ሬዲዮም ኮምፒውተርም የሚጠግኑ፣ ባባቴ ዕድሜ የሚሆኑ ሰው አሉ። የያዝኩትን ብር ነገርኳቸው። «በዚህ አዲስ አይታሰብም» አሉና ከሞቱ ኮምፒውተሮች ነቅለው ራም ጨመሩልኝ፤ ሥዕሉን የሚያፈጥን ግራፊክስ ካርድ ሰኩልኝ፤ ገመዱ የተጠጋገነ ጆይስቲክም መረቁልኝ።

ቤት ገብቼ ስከፍተው ተጫዋቾቹ ሮጡ! ሣሩ ሣር መሰለ! ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ዘለልኩ። አሥር ደቂቃ አልቆየም፣ ድርግም። እንደገና ከፈትኩት፤ አሁንም ድርግም። አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ አቃጠለኝ። ለእሁዱ ሦስት ቀን ሲቀር ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌ ሚዛን ተመለስኩ።

«ጋሼ፣ የሞተ ዕቃ ነው የሸጡልኝ!» ብዬ ደንበኛ ፊት ጮህኩባቸው። እሳቸው ሰኩና ጨዋታውን ከፈቱት። አንድ ሰዓት ሠራ። ሁለት ሰዓት ሠራ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

«ቤት የት ነው የምታስቀምጪው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ሳሎን፣ ጠረጴዛ ላይ። ልብሱን ለብሶ።»

«ምን ለብሶ?»

እናቴ ዳንቴል የማታለብሰው ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፤ ሬዲዮኑ ለብሷል። ለኮምፒውተሩማ የሳጥኑን ልክ ለክታ፣ በሳቲን ገበር፣ ሽቦ ማውጫ ብቻ ትታ ሠርታለታለች። እኔም ጉዴን ሳላውቅ፣ አቧራ እንዳይገባበት ብዬ፣ ስጫወት ሁሉ ጥግ ጥጉን እየሸጎጥኩ አለብሰው ነበር።

ሰውየው ሳቁ፣ ሳቁና ዓይናቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ይሄ በጀርባው ነው የሚተነፍሰው። አፍነሽ ልትገድይው ነው እኮ!» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ፣ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ከለከሉኝ።

የባሰው እናቴ ዘንድ ነበር። «እንግዳ ሊመጣ ነው እያልሽ ራቁቱን ልታስቀምጪው? ሰው ምን ይለናል?» ብላ ኮስተር አለች። ብለምን፣ ባስረዳ፣ ወይ ፍንክች። እሁድ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ራሷ አወለቀችውና እንግዳው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ አነጠፈችው። እኔም በልቤ መብራት እንዳይጠፋብኝ ጧፍ ተሳልኩ።

ጎረምሳው አራት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። ጆይስቲኩን ለእሱ ሰጥቼ እኔ በኪቦርዱ ገጠምኩት። ገና ከመጀመራችን አገባብኝ፤ ቆይቶ ደገመኝ። ጓደኞቹ «ጸጉር ቤት!» እያሉ አፏጩብኝ። እኔ ጆሮዬ ሳጥኑ ላይ ነው። አሥሩ ደቂቃ አለፈ። ማራገቢያው ያፏጫል፣ አልጠፋም። ያን ጊዜ ልቤ ተመለሰና አንድ አገባሁ፤ ከዕረፍት በኋላም አቻ ሆንን። ሊያልቅ ሲል ከክንፍ አሻገርኩና በግንባር ሦስተኛውን አስቆጠርኩ።

እንዴት እንደጮህኩ እኔ ነኝ የማውቀው! እናቴ ከጓዳ እልልታዋን አቀለጠችው። ኳስ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ የኔን ድምፅ ሰምታ ነው። ጎረምሳው ጆይስቲኩን አስቀመጠና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወጣ፤ ጓደኞቹም ተከተሉት።

ዝም ብሎ መሄዱ አላማረኝም፤ ቢክደኝስ? ሰኞ ከሰዓት እየፈራሁ ሄጄ ወረፋ ያዝኩ። ቤቱ ጢም ብሏል። ተራዬ ደርሶ ስጠጋ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ገላመጠኝና «ለሴት ነው የምነሳው?» አለ።

የሚሳቀውን እየጠበቅኩ ባለቤቱን አየሁት። ፊቱ ቀልቷል።

«ተነስላት» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «እኔን አሸንፋኛለች።»